ላዳዋን ያጨማደዳት ክሊር

ላለፉት ሦስት ሳምንታት ስለ ደም ግፊት መድኃኒት ስጨቀጭቃችሁ ቆይቼ ዛሬ ስለ መኪና ሞዴል ቀለም ልጽፍ ነው። አትሳቁብኝ። እኔም ባለፈው ዓመት ይህን ጊዜ አንድ ሰው መጥቶ "ክሊር በስንት ቀኑ ነው የሚነፋው?" ቢለኝ ግራ ገብቶኝ አየው ነበር። ዛሬ ግን እመልሳለሁ። ቤታችሁ ውስጥ እጁ የማያርፍ ልጅ ካለ፣ ይልቁንም ያ ልጅ ደረቱን የሚያፍነው ከሆነ፣ እስከ መጨረሻው አብራችሁኝ ቆዩ።

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የላዳ ታክሲ ሹፌር ነበር። ላዳን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም፤ አካሏ ሰማያዊ፣ ጣሪያዋ ነጭ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1970 ጀምሮ በሶቪየት ኅብረት ቶሊያቲ ከተማ የተሠራች መኪና ናት፤ መሠረቷ ግን የጣሊያኑ ፊያት 124 ነው። ባለቤቴ ይህን ስለሚያውቅ "ጣሊያን ወልዷት ሩሲያ ያሳደገቻት ልጅ" ይላት ነበር። ከኔ ይልቅ እሷን ነው የሚያጥባት ብዬ የቀናሁባት ጊዜም አለ።

እሱ ሲያርፍ ሸጥናት። የልጅ ልጄ ያኔ 5 ዓመቱ ነበር፤ አሁን 13 ሞልቶታል። ከአያቱ የቀረው ትዝታ ሁሉ ላዳዋ ውስጥ ነው። ጋቢና ተቀምጦ የመስኮቱን እጀታ ሲያሽከረክር፣ አያቱ "ተው ይነቀላል" ሲለው፣ መልሶ ሲያሽከረክር።

ባለፈው ፋሲካ ሜሪላንድ ያለችው ልጄ በሰው እጅ አንዲት የብረት ላዳ ላከችለት። ከእውነተኛዋ 24 ጊዜ የምታንስ ናት፤ ርዝመቷ 17 ሳንቲ ሜትር ገደማ። በሮቿ ይከፈታሉ፣ ጎማዋ ይዞራል። ጉድለቷ አንድ ብቻ ነው፤ ቀይ ናት። ልጁ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አያትና "እማማ፣ የአባባን ላዳ ነው የማደርጋት" አለኝ። እኔም ደስ አለኝ፤ ምን እንደሚከተል መች አወቅሁ።

ቀለሙን አክስቱ እንድትልክለት ጠየቀ። የስፕሬይ ቀለም በእጅ ሻንጣም ሆነ በሚጫነው ሻንጣ አውሮፕላን ላይ አይወጣም፤ ጣሳው ውስጥ ያለው ጋዝ ተቀጣጣይ ነው። ስለዚህ የበዓል ብሩን አጠራቅሞ ከጎረቤታችን ጎረምሳ ጋር መርካቶ ወረደ። ሰማያዊውን ከአንድ ሱቅ፣ ክሊሩን ደግሞ ረከስ ስላለለት ከሌላ ሱቅ ገዛ። የሁለቱ ጣሳ ፋብሪካ ይለያያል። "አንድ ዓይነት ናቸው ወይ?" ብሎ ጠይቆ እንደሆነ ሻጩ "ክሊር ክሊር ነው" ብሎታል።

ለማታውቁት፣ ክሊር ማለት ቀለም የሌለው፣ ከቀለሙ በላይ የሚነፋ ግልጽ ሽፋን ነው። መኪናን የሚያብረቀርቃት እሱ ነው። ቀለሙን ከጣት ላብ፣ ከፀሐይና ከጭረት የሚጠብቀውም እሱ ነው። ትልቋም መኪና ትንሿም ያው ናት።

አንድ እሑድ ቡና እያፈላሁ ሳለ ከበረንዳው የሆነ ሽታ መጣ። ዞር ስል ልጁ ከከሰል ማንደጃዬ ሁለት እርምጃ ላይ ቆሞ ሰማያዊውን ስፕሬይ ይነፋል። ጮህኩ! ፍሙ ተጋግሟል፣ ጀበናው ተጥዷል፣ ጋዙ ደግሞ ወደ ታች ነው የሚሄደው። ስፕሬይ ጣሳ ውስጥ ቀለሙን ገፍቶ የሚያወጣው ብዙውን ጊዜ ከማድ ቤታችን ሲሊንደር ጋዝ ጋር አንድ ዘር የሆነ ጋዝ ነው፤ ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ለወለል ይሳባል። የኛ ቡና ደግሞ የሚፈላው ወለል ላይ ነው። ጣሳውን ቀማሁትና "ሁለተኛ እዚህ ቤት ስፕሬይ እንዳላይ!" አልኩ። ለምን እንደሆነ ግን አላስረዳሁትም። በሥራ ዘመኔ ስንቱን እናት "ለልጅሽ ምክንያቱን ንገሪው" ስል የኖርኩ ሰው፣ የራሴ ቤት ሲሆን ጩኸቴ ቀደመ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስጽፍ አሁንም እጄ ይቀዘቅዛል። ሁለት ቀን ቆይቶ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ገደማ ሳል ቀሰቀሰኝ። መኝታው ላይ የለም። የመታጠቢያ ቤቱ በር ተዘግቷል፤ ሽታው እንዳይወጣ ከበሩ ሥር ፎጣ ተጎዝጉዟል። ከፍቼ ስገባ ክሊሩ ጭጋግ ሆኖ አምፖሉን ሸፍኖታል። ልጁ የመታጠቢያውን ጠርዝ ይዞ ትከሻውን እያነሳ እያወረደ ይተነፍሳል። ያን አተነፋፈስ ከሩቅ አውቀዋለሁ። ሕፃን ሳለ አስም ነበረበት፤ ካደገ ወዲህ ስለተወው ዘንግተነዋል።

ተሸክሜ አወጣሁት ማለት ይቻላል። ፓፉን ፈልጌ ሰጠሁት፤ ጋቢ ደርቤለት ደጅ ደረጃው ላይ ቁጭ አደረግሁትና እጄን ጀርባው ላይ አድርጌ አዳመጥሁ። ፉጨቱ እየሳሳ ሲሄድ ሰማሁ። ባይሳሳ ኖሮ ጎረቤት ቀስቅሼ ሆስፒታል ነበር የምንበረው፤ እናንተም ፓፍ ሰጥታችሁ የማይሻለው ልጅ ካጋጠማችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ። ሲረጋጋ ማልቀስ ጀመረ። ያለቀሰው ለደረቱ አልነበረም። "እማማ፣ ላዳዋ ተጨማደደች" አለኝ።

እውነቱን ነው። ጠዋት ሳያት ሰማያዊው ቀለም የወተት ስልባቦት መስሎ ተሸብሽቧል።

ለምን እንደተጨማደደች የገባኝ በነርስነቴ ነው ብል አትገረሙ። ላዩ የሻረ፣ ውስጡ ግን ገና መግል የያዘ ቁስል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቀለምም እንዲሁ ነው። ሲነኩት ደርቋል፤ ከሥር ግን ገና ለስላሳ ነው። የስፕሬይ ቀለሞች አንድ ዓይነት አይደሉም። ቶሎ የሚደርቀው በቲነር የሚሟሟው ዓይነት አለ፤ ላከር ይሉታል። ዘይትነት ያለው ኢናሜል የሚባለውም አለ፤ ይህ ከአየር ኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው፤ ቀናት አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጅበታል። የልጄ ልጅ ሰማያዊ ኢናሜል ነበር፤ ክሊሩ ላከር። የላከሩ ኃይለኛ ማሟሟቻ ባልጠነከረው ኢናሜል ውስጥ ሲገባ የላይኛው ቆዳ ያብጣል፤ ሲያብጥ መሄጃ ያጣል፤ ሲያጣ ይጨማደዳል። ሻጩ "ክሊር ክሊር ነው" ያለው ስህተት እዚህ ጋ ነው። ላከር ላይ ኢናሜል ሲነፋ አብዛኛውን ጊዜ ችግር የለውም። ያልደረቀ ኢናሜል ላይ ላከር መንፋት ግን መከራ ነው። ምርጡ ነገር ቀለሙንም ክሊሩንም ከአንድ ፋብሪካ፣ ከአንድ ዓይነት መግዛት ነው።

ጣሳው ላይ የተጻፈውንም አንብቡ። ብዙዎቹ ላይ "በ1 ሰዓት ውስጥ ድገም፤ ካለፈህ 24 ወይም 48 ሰዓት ጠብቅ" የሚል አለ። በመካከል ያለው ጊዜ ነው አደገኛው። ልጁ ሁለት ቀን ጠብቄያለሁ ብሎ ነበር፤ ለላከር ይበቃው ነበር፣ ለዚያ ኢናሜል ግን አልበቃውም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ይህን አልጽፍም ነበር። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ፊቱ ፈክቷል። ሰፈራችን ጥግ ላይ ያለው ጋራዥ ገብቶ ቀለም ቀቢውን አማክሮታል። "እማማ፣ እሱ ጋ የማይጨማደድ ክሊር አለ። ሃርድነር ይቀላቅልበታል፣ እንደ መስታወት ነው የሚሆነው። በጠርሙስ ትንሽ እሰጥሃለሁ ብሎኛል።"

ሃርድነር የሚለውን ቃል ስሰማ ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ።

ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ከሠራሁባቸው ጤና ጣቢያዎች አንዱ ያለው ጋራዥ የበዛበት ሰፈር ነበር። አንድ የመኪና ቀለም ቀቢ፣ ሠላሳ ዓመት የማይሞላው፣ በየጊዜው ደረቱ እያፏጨ ይመጣ ነበር። ብሮንካይተስ ነው ተብሎ ካርዱ ላይ ይጻፋል፤ አንቲባዮቲክ ይታዘዝለታል፤ እኔ እሰጠዋለሁ፤ ይሄዳል። እንዲህ ሆኖ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ እግዜር ይወቀው። አንድ ቀን አዲስ የመጣ ሐኪም ካርዱን ካገላበጠ በኋላ አንዲት ጥያቄ ጠየቀው። "በዓል ሲሆንና ሥራ ስትፈታስ?" ሰውየው ሳይታሰብ "ያን ጊዜማ ደህና ነኝ" አለ። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ሥራው ምን እንደሆነ እያወቅሁ፣ ልብሱ ላይ ቀለሙን እያየሁ፣ ይህን ጥያቄ አልጠየቅሁትም ነበር። ደረቱ በኋላም ወደ ነበረበት አልተመለሰም።

በጋራዥ ክሊር ሃርድነር ውስጥ ያለው አይሶሳይኔት የሚባል ኬሚካል ነው። ክሊሩን እንደ መስታወት የሚያጠነክረው እሱ ነው፤ ክፋቱን ልንገራችሁ። ሲነፋ በደቃቁ ይበተናል፤ ሳንባ ይገባል፤ በቆዳም በኩል ሰውነትን ያስቆጣል። ሰውነት አንድ ጊዜ ጠላት ብሎ ከመዘገበው በኋላ እጅግ ጥቂቷ እንኳ አስም ታስነሳለች። ሽታውም አያስጠነቅቅም፤ የሚጎዳው መጠን አፍንጫ ከሚያሸተው መጠን ያነሰ ነው። በሥራ ምክንያት ለሚመጣ አስም በዓለም ላይ በዋነኛነት ከሚጠቀሱት አንዱ ነው። ፉጨቱ አንዳንዴ እዚያው ሥራ ላይ አይመጣም፤ ማታ ቤት ከገቡ በኋላ ነው የሚመጣ፤ ስለዚህ ሰው "ብርድ መታኝ" ይላል። በደንብ የተደራጁ ቀለም ቤቶች ለቀቢው ንጹሕ አየር ከውጭ በቱቦ የሚያመጣ ጭምብል ያለብሱታል። በጠርሙስ ተቀድቶ የአስም ልጅ መታጠቢያ ቤት የሚገባ ነገር አይደለም።

ቀቢውን ጋራዡ በር ላይ አገኘሁት፤ ቲሸርት አፍንጫው ላይ አስሯል።

"ሲስተር፣ ልጁ አሳዘነኝ እኮ" አለኝ። "የአባባን ላዳ ነው ሲለኝ አንጀቴን በላው። ባለቤትዎን እኮ አውቃቸዋለሁ፤ ትክክለኛዋንም መከላከያዋን ቀብቼላቸዋለሁ።"

ልቆጣ ሄጄ ቁጣዬ ጠፋ። ስለ ሃርድነሩ ነገርኩት። "የሚያደርቀው ነዋ፣ ሌላ ምን አለው?" አለ። ከዚያ ያቺን ጥያቄ፣ ከብዙ ዓመት በፊት ያልጠየቅኋትን፣ ጠየቅሁት።

"አንተስ ደረትህ እንዴት ነው?"

"ማታ ማታ ትንሽ ያስለኛል። ብርዱ ነው።"

"በበዓል ሰሞንስ?"

ቲሸርቱን ከአፍንጫው አወረደው። "ለፋሲካ አገር ቤት ሄጄ ሁለት ሳምንት ስቀመጥ አንድ ቀን አላሳለኝም" አለ። ከዚያ ሁለታችንም ጥቂት ዝም አልን።

ሐኪም ጋ ሲሄድ ሥራውን አስቀድሞ እንዲናገር፣ በዓል ሲሆን እንደሚለቀው እንዲናገር፣ ሃርድነር የሚለውን ቃል እንዲናገር በወረቀት ጽፌ ሰጠሁት። እስካሁን አልሄደም። "ሥራ በዝቶብኝ ነው ሲስተር፣ ከክረምቱ በኋላ" ይለኛል። ባለፍኩ ቁጥር እጠይቀዋለሁ። በቤተሰባችሁ ቀለም ቀቢ፣ ጎሚስታ፣ ባትላሜራ፣ አናጢ ካለ እናንተም ይቺን የበዓል ጥያቄ ጠይቁልኝ።

ወደ ላዳዋ እንመለስ። ቤት ገብቼ ልጁን አስቀመጥሁትና ከሁለት ቀን በፊት መናገር የነበረብኝን ሁሉ ነገርኩት። ከዚያ ተደራደርን። ሌላውን ሥራ ሁሉ እሱ ይሠራል፤ የጣሳውን አናት የምጫነው ግን እኔ ነኝ። በመርፌ የሰለጠነ እጅ አለኝ፣ አይንቀጠቀጥም። እሱ በነፋሱ ተቃራኒ፣ በመስኮት መስታወት ጀርባ ሆኖ ያዘኛል። እንዲህ ሆኖ 13 ዓመት ልጅ አለቃዬ ሆነ። "እማማ ፍጥኚ! እማማ ቀርበሻል!" እያለ መስታወቱን ሲደበድብ መንገደኛ ቆሞ አይቶናል።

ለኔ ጭምብል ገዛን። ይህን ልብ በሉ፤ የጨርቁም የሐኪም ቤቱም ጭምብል የቲነርን ትነት አያቆምም። የሚያስፈልገው በግራና በቀኝ የከሰል ማጣሪያ ያለው፣ የደህንነት ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች የሚያቀርቡት ነው፤ ማጣሪያው ለኦርጋኒክ ትነት መሆኑ ይጻፍበታል። ለብሳችሁት ሽታው ከመጣ ወይ አልገጠመም ወይ ማጣሪያው አልቋል። ስትጨርሱ በላስቲክ አሥራችሁ አስቀምጡት፤ ክፍት ከተተወ ሥራ ፈትቶም ያልቃል። እጅ ላይ ናይትራይል ጓንት። ቦታው ደጅ፤ እሳት፣ ሲጋራ፣ ከሰል፣ ዕጣን በሌለበት።

የተጨማደደው ላይ መደረብ አይቻልም፤ ድርቡም ይጨማደዳል። አንድ ሳምንት ካደረቀው በኋላ ልጁ በብርጭቆ ወረቀት፣ አቧራው እንዳይነሳ ውኃ እያስነካ፣ እስከ ብረቱ ፋቀው። በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አጠባት፤ ሲደርቅ ጥጥ በአልኮል ነክሮ ጠረጋት። "ከመርፌ በፊት እንደማጸዳው ነው" ስለው "አላማትም ግን" አለኝ። ከዚያ በኋላ በጣት አትነካም፤ የጣት ቅባት ያለበት ቦታ ቀለም አይዝም።

ግራጫ ፕራይመር፣ ሁለት ስስ ድርብ፣ ቀን አደረ። ቀጥሎ ነጩ፣ መላ አካሏን፤ ፈዘዝ ያለው ቀለም ሁልጊዜ ይቀድማል። ጣሪያዋን በቀለም ፕላስተር ሸፈነ። አንዲት ብልሃት ከቀቢው ተምሯል፤ ሰማያዊው ከመነፋቱ በፊት የፕላስተሩ ጠርዝ ላይ እንደገና ትንሽ ነጭ ይነፋበታል። በጠርዙ ሥር የሚሾልክ ካለ ነጩ ሾልኮ ቀዳዳውን ይደፍናል፤ ሰማያዊው መግቢያ ያጣል። ፕላስተሩ ሲላቀቅ መስመሩ እንደ ምላጭ ነበር። በዚህ ጊዜ ሁሉም ጣሳ ከአንድ ፋብሪካ፣ ሁሉም ላከር።

አሁን ማንኪያዋ። ይህቺን ብቻ ይዛችሁ ብትቀሩ ይበቃኛል። ላዳዋ ላይ ያደረግነውን ሁሉ፣ ፕራይመሩንም ነጩንም ሰማያዊውንም፣ በዚያው ቀን በዚያው ሰዓት አንዲት የፕላስቲክ ማንኪያ ላይ አደረግን። ክሊር ሲደርስ መጀመሪያ ማንኪያዋ ላይ ነፋን። ከተጨማደደች ትጨማደድ፤ ማንኪያ ናት። ይህ ባይሆን ኖሮ ሌላ ጉድ ይጠብቀን ነበር። ልጁ በማርከር "ታክሲ" ብሎ በሩ ላይ ሊጽፍ አስቦ ነበርና ማንኪያዋ ላይ ጻፈ፤ ክሊሩ ሲያርፍበት ቀለሙ ተበትኖ ሐምራዊ እድፍ ሆነ። ጽሑፉ ከክሊሩ በኋላ እንዲሆን ወሰንን።

ቀለሙ ከተነፋ በኋላ ሰባት ቀን ጠበቅን። ላከር ይህን ሁሉ አይጠይቅም፤ ከተቃጠልን በኋላ ግን ቸኩሎ ማን ይሞክራል። ሌላም መፈተኛ አለ። አፍንጫችሁን ጠጋ አድርጉና አሽትቱ፤ የቲነር ሽታ ካለ ገና ነው።

ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ ነፋስ ሳይነሳ፣ ጀመርን። አቧራ እንዳይነሳ በረንዳው ላይ ውኃ ረጨን። ጣሳው ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይደክምና ትልልቅ ጠብታ ይተፋል፤ ስለዚህ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አቆየሁት። የሕፃን ገላ ውኃ በክርናችሁ ፈትናችሁ ታውቃላችሁ፣ ያን ያህል ብቻ። እሳት ላይ፣ የፈላ ውኃ ውስጥ፣ መኪና ዳሽቦርድ ላይ በፀሐይ በፍጹም፤ ከ50 ዲግሪ በላይ ጣሳው ሊፈነዳ ይችላል። ውስጡ ያለችው ኳስ መንኳኳት ከጀመረች በኋላ ሁለት ደቂቃ መናጥ።

ርቀቱ አንድ ስንዝር ነው። ጣሳውን የምትጫኑት መኪናዋ ጋ ሳትደርሱ ነው፤ የምትለቁትም ካለፋችኋት በኋላ ነው። እላይዋ ላይ ከጀመራችሁ የመጀመሪያው ትፍታ ጠብታ ይሆናል። ሁለቱ የመጀመሪያ ድርቦች ጉም ያህል ናቸው፤ ገና አያብረቀርቁም፤ ሰው እዚህ ጋ ነው ተስፋ ቆርጦ አብዝቶ የሚነፋው። በየመካከሉ 10 እና 15 ደቂቃ። ሦስተኛው ረጠብ ያለ፣ ቀስ ያለ፤ ያን ጊዜ መብራቱ ላይዋ ላይ ሲፈስ ታዩታላችሁ። "እማማ በቃሽ!" ሲለኝ አቆምሁ። ካላቆሙ በበሩ ሥር እንባ ይወርዳል፤ አንድ ቦታ ወርዷልም፣ ከኋላ መከላከያዋ በላይ። ንጹሕ ካርቶን ደፋንባት፤ ትነቱ እንዲወጣ ከአንድ ወገን በእንጨት ከፍ አድርገን።

ያ ቀን ግን የሰኔ ቀን ነበር። ማታ ካርቶኑን ስናነሳ ጣሪያዋ ጉም የለበሰ መሰለ፤ ልጁ መልሶ ሊያለቅስ ደረሰ። የክረምት ነገር ነው። ማሟሟቻው ፈጥኖ ሲተን ገጽታውን ያቀዘቅዘዋል፤ እርጥበት ካለ ላዩ ላይ ጤዛ ይሆናል፤ ጤዛው ክሊሩ ውስጥ ታስሮ ይነጣል። መጥረግ አያስለቅቀውም። አራት ቀን ጠብቀን ፀሐይ በወጣ ጠዋት አንድ ስስ ድርብ ብንነፋበት አዲሱ ማሟሟቻ አላልቶት ጉሙ ጠፋ። ዝናብ ባለበት ቀን አትንፉ፤ ሌላ ምክር የለኝም።

ሽታውን ጨርሶ የማይፈልግ ቤት በብሩሽ የሚቀባ ውኃ ወለድ ክሊር መጠቀም ይችላል። ብርሃኑ እንደ ስፕሬዩ አይሆንም፤ ለትንሽ ልጅ ግን ከዚያ ሌላ አልመክርም። ጣሳዎቹን ቆልፌባቸዋለሁ፤ ቲነርና ማስቲሽ የሚያሸቱ ልጆችን ጉዳት በሥራዬ አይቻለሁና። ባዶውንም ጣሳ ቆሻሻ ሲቃጠል እሳት ውስጥ እንዳይጣል ለጥበቃው ነግሬዋለሁ።

ከሳምንት በኋላ ልጁ ያቺን የወረደች እንባ በ2000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በውኃ አለሰለሳት፤ ከዚያ የጥርስ ሳሙና በጨርቅ አድርጎ ወለወላት። አሁን ላዳዋ ከባለቤቴ ፎቶ ሥር ቆማለች። ጣሪያዋን ያየ ሰው ከፊት በስተቀኝ አንዲት የአውራ ጣት አሻራ ያገኛል። የኔ ናት። በሁለተኛው ቀን ማንም ሳያየኝ ደርቃ እንደሆነ ልፈትን ብዬ ነክቻት ነው። ልጁ ሲያገኘኝ ምን እንዳለኝ አልጽፈውም፤ ከኔ የተማረውን ንግግር በሙሉ መልሶልኛል። ወልውዬ ላጥፋት ብለው እምቢ አለ።

ትናንት ደግሞ ለሚኒባስ የሚሆን ሰማያዊ እንድገዛለት ጠየቀኝ። ዝናቡ ያባራ ብዬዋለሁ።